የተሳልኩት ላምባ

ዛሬ ፈረንጅ ድንኳን ተክሎ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚያድርበት ሜዳ ላይ እኔ በነጻ፣ ያውም ብርዱን እየረገምኩ፣ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁ። አስጎብኚዎቹ «ከዚህ ሆናችሁ ኮከብ እዩ» እያሉ ሲያባብሏቸው እሰማለሁ። አልዋሹም፣ ይታያል። እኔ ግን ከዚያ ሜዳ ላይ ወደ ሰማይ ቀና ማለት ከተውኩ ቆየሁ። ለምን እንደተውኩት ነው የምጽፈው። ከሸቀጥ ዋጋ በቀር ብዙ ነገር ጽፌ የማላውቅ ሰው ነኝና አንባቢ ይታገሠኝ።

ቤቴ ደባርቅ ነው። በደርግ ጊዜ የምነግደው በበቅሎ ነበር። ከደባርቅ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ሻሽ ጭኜ ወደ ጃናሞራ ገበያዎች እሄዳለሁ፤ ከዚያ ማር፣ ቆዳና የበግ ጠጉር ይዤ እመለሳለሁ። ገብስም እይዝ ነበር። እህል ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ክልክል ስለነበር ገብሱ ከቆዳው ስር ነበር የሚጓዘው። መንግሥቱ ከወደቀ ስንት ዘመኑ፣ እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ይህን አሁንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። ትምህርቴ የመንገድ ትምህርት ነው። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ከሰው ፊት ላይ ዋጋ ማንበብ ተምሬአለሁ፤ እሱም ቢሆን አንድ ፊት ላይ ከሽፎብኛል።

ያ ፊት የአበልጄ ነበር። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። አበልጅነት በእኛ አገር ከሥጋ ዝምድና ይከብዳል። ወንድማማች ቢጣላ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል፤ በአበልጅ መካከል ግን የገባው እግዚአብሔር ራሱ ነውና ማንም ደፍሮ አይገባም። በዕድሜም ይበልጠኛል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ «እሱ» እያልኩ ስጽፍ አንባቢ ነውረኛ እንዳይለኝ። አንቱታውን በምን እንዳጣው ኋላ ይገኛል።

አበልጄም ነጋዴ ነበር። ተወልዶ ያደገው ከገደሉ አፋፍ ላይ ካለች መንደር ነው፤ የተራራውን ድንጋይ ሁሉ እንደ ከብቶቹ ለይቶ ያውቃል። ወደ ጃናሞራ ስንሄድ በቅሎዎቻችንን አንድ ላይ እንነዳለን፣ አንድ እሳት እንሞቃለን፣ ከአንድ ቅል በሶ እንበጠብጣለን።

መንገዱ በአንድ ቀን አያልቅም። መሐል ላይ ውኃ ያለበት ሜዳ አለና ነጋዴ ሁሉ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ጭነቱን አራግፈን፣ ኮርቻውን በነፋሱ በኩል እንደ ካብ እንደረድረውና ከኋላው እንተኛለን። ከሜዳው ፊት ለፊት፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ትልቁ ገደል ቆሟል። ቀን ቀን ጭላዳ ዝንጀሮ ይርመሰመስበታል። ማታ ጨረቃ ከሌለች ግን ገደሉና ሰማዩ አንድ ጥቁር ጨርቅ ናቸው። ድንጋዩ የት እንዳለቀ፣ ሰማዩ የት እንደጀመረ ቢጠይቁኝ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ለይቼ ልነግራቸው አልችልም ነበር።

ልጄ ይህ ነገር በተጀመረበት ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ቀበሌው ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት መመዝገብ ጀምሯል። ከሰፈራችን ከሄዱት ልጆች የተመለሰ እግር የለውም፣ ያልተመለሰ ደግሞ ወሬ የለውም። እናቱ ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር ከአልጋዋ ትወርዳለች። የኛው ሰፈር አንዳንድ ልጆች በዛሪማ በኩል ወደ ቆላ ወርደው ሱዳን ገብተዋል ይባላል። እኔም ያን አሰብኩ። ችግሩ ሊማሊሞን የሚወርደው አንዱ የመኪና መንገድ ነው፤ እዚያ ኬላ አለ፣ ኬላው ላይ ጢም ያበቀለ ልጅ ሁሉ ከመኪና ይወርዳል።

አንድ ሌላ መንገድ ብቻ ነበር። አያቶቻችን ከቆላ ጨው ያወጡበት የነበረ የበቅሎ መንገድ፣ በዚያው በትልቁ ገደል ደረት ላይ የሚጠማዘዝ። ከአበልጄ የተሻለ የሚያውቀው ሰው የለም። አንድ ማታ እሳቱ ዳር ሆነን ጠየቅኩት። ለምን እንደምጠይቅም አልደበቅኩትም። ልጄ የእሱም ልጅ ነው፤ ከቅዱስ ቅባት ጋር የተረከበው ነው።

«ያ መንገድ ተንዷል፣ አበልጄ» አለኝ። «አንድ ክረምት ናዳ ወርዶ ጠረገው። አሁን ጭላዳ እንኳ ዞሮ ነው የሚሄድ።»

ያለ ጭነት፣ በእግሩ ብቻ ለሚወርድ ሰውስ አልኩት።

«ክንፍ ካለው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከአበልጅ ጋር ሲሳቅ ሰው ጥርሱን አይቆጥብም።

ብርሃኑን ያየነው ከዚያ በኋላ፣ በጽጌ ጾም ሰሞን ነው። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ጠርቷል፣ ውርጩ ጓሳውን ማድረቅ ጀምሯል፣ ጨረቃ የለችም። እኔ በቅሎዎቹን አይቼ ወደ እሳቱ ስመለስ ሰማይ ላይ አንድ ቀላ ያለ ነገር ብልጭ አለ። ኮከብ ነው ብዬ አለፍኩት። ከስሩ ሌላ ታየ። ከዚያ ሌላ። እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተከታትለው፣ በጣም በዝግታ፣ ሰማዩን ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። ጥቂት ወጡና ቆሙ። ከዚያ ወደ ግራ ታጠፉ፣ እንደገና ሽቅብ። ድምፅ የላቸውም። አውሮፕላን እንዳልል አውሮፕላን አያዘግምም፣ ቆሞም አያርፍም። ኮከብ እንዳልል ኮከብ ተሰልፎ አይሄድም። በዚያ ዘመን ሰው ያልገባውን ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መንግሥትን ነበር፣ ቀጥሎ ሰይጣንን። እኔም ሁለቱንም በተራ ጠረጠርኩ።

ወደ አበልጄ ዞርኩ። እሱም ቀና ብሎ ያያል። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ያን ዝምታ ያኔ ፍርሃት መስሎኝ ነበር፣ ዛሬ ግን የሚነግረኝን እየፈለገ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጎማ ጫማውን አወለቀ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠው።

«ጫማህን አውልቅ» አለኝ።

አወለቅኩ። ውርጩ እግሬን እየቆረጠኝ፣ ብርሃኖቹ ከላይ ደርሰው አንድ በአንድ እስኪጠፉ ድረስ ሁለታችንም ባዶ እግራችንን ቆምን። ከዚያ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። በጥንት የወረራ ዘመን ካህናት አንድ ታቦት ይዘው ሸሽተው በገደሉ ዋሻ ውስጥ ሸሽገውታል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከታቦቱ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይወጣል። አባቱም አያቱም አይተውታል። መንደሩ ያውቃል፣ ግን አይናገርም፤ ካድሬ ከሰማ ጸሎት ሳይሆን ድማሚት ነው ይዞ የሚመጣ። ቀርቦ ያየው ደግሞ ዓይኑ ይጠፋል።

እኔ በወሬ የምገዛ ሰው አልነበርኩም። ሰው ማሩን «ነጭ ማር ነው» ቢለኝ ጣቴን ሳልነክር አላምንም። ይህንን ግን በዓይኔ አየሁት። በዚያ ላይ የነገረኝ ልጄን አንሥቶ ከጥምቀቱ ያወጣ ሰው ነው። እዚያው ተሳልኩ። ልጄን ከዚህ ጦር አድንልኝ አልኩ። ምን ልስጥ ብዬ ሳስብ አበልጄ ረዳኝ።

«ለብርሃን የሚሰጥ ብርሃን ነው» አለኝ። ከገደሉ ግርጌ አንድ ባሕታዊ ሰው ሳያይ ይኖራል፣ በዋሻው ፊት መብራት ያበራል፣ አሁን ላምባ ጠፍቶ በጨለማ ነው ያለ። ላምባውን ስጠኝና መንደሬ ስሄድ አደርስለታለሁ አለኝ።

ላምባ በዚያን ጊዜ እንደ ጠበል በጠርሙስ ነበር የሚታደል፤ ቀበሌ ተሰልፎ፣ ካርድ አስመትቶ። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፣ ነጋዴ ከየትም ያመጣል። በየጊዜው አንድ ጀሪካን እየሞላሁ ሰጠሁት። ጀሪካኑ ክዳኑ ጠፍቶ ስለነበር በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፌ፣ ቆረቆንዳውን በሚስቴ ያረጀ ነጠላ ጥለት ጠምጥሜ ነበር የምልከው። ለሌሎቹ ደንበኞቼ ላምባ ላይ ውኃ ጠብ አድርጌ የማላውቅ አይደለሁም። በዚያኛው ላይ ግን አንድ ጠብታ አልነካሁም።

ለሚስቴ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ምነው ይህ ብርሃን ጨረቃን ይፈራል?» አለች።

ተቆጣሁ። በታቦት አይቀለድም አልኳት። እንዳልተቀበለችው ግን ከትከሻዋ ያስታውቃል።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን፣ ወይም ያላደረግኩትን፣ ልናገር። ልጄን ማሸሸት ተውኩ። አንድ የማውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ከጆንያ ስር ደብቄ ጎንደር አደርስልሃለሁ ብሎኝ ነበር፤ አያስፈልግም አልኩት። ዳባት ያለችው አክስቱ ጎተራ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ ስትል ላከች፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቆይ አልኳት። ሰማይ የተረከበውን ልጅ ጎተራ ውስጥ መክተት ሰማዩን እንደ መጠርጠር መሰለኝ።

ልጄን የወሰዱት በቅዳሜ ገበያ ነው። እኔ በቅሎ ላጠጣ ወርጄ እሱን ሸቀጡ ላይ አስቀምጬው ነበር። ገበያው በአንድ ጊዜ ተከበበ። ስመለስ ሳሙናው እንደተደረደረ አለ፣ ልጁ የለም። ካፈሷቸው ሌሎች ልጆች ጋር በመኪና ወደ ዳባት ወስደው አንድ ግቢ ውስጥ አጎሯቸው። እናቱ የጋገረችውን ዳቦ ይዤ ተከተልኩ። ዘበኛው ዳቦው ይገባል፣ አንተ አትገባም አለኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ልጄን አስጠራሁት። መጣ። ዳቦውን ተቀበለኝ። በርታ፣ እግዚአብሔር አለ አልኩት። ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ጀግንነት ነው አልኩ ለራሴ። ላለማልቀስ ነው አልኩ።

አበልጄ ያን ሳምንት ቤቴ መጥቶ አለቀሰ። እንባው የውሸት ነበር ብዬ አልጽፍም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እንባ ነው። ሲወጣ በሩ ላይ ያዝ አድርጎኝ ስለቱን እንዳላቋርጥ መከረኝ። ከመሄድ ባይታደገውም ከመሞት ይታደገዋል አለኝ። እኔም ላምባውን ጨመርኩ።

ደብዳቤ አልመጣም። የሌላው ሰው ልጅ ከአስመራም ከምጽዋም ይጽፋል። የእኔ ልጅ አይጽፍም። ሚስቴ ሞቷል ብላ በልቧ ለቅሶ ተቀምጣለች፣ እኔ ደግሞ ላምባ እሰፍራለሁ።

የነቃሁት በስኳር ነው።

በዚያን ጊዜ ስኳር በኅብረት ሱቅ በራሽን ነበር የሚሰጥ፤ ከዚያ ውጭ የሚሸጠው ሴቶች በነጠላቸው ስር ደብቀው የሚያንሾካሹኩት የሱዳን ስኳር ነው። ከሱዳን ስኳር ጋር የባትሪ ድንጋይና ሻሽ አብሮ ይመጣል። ይህ ሸቀጥ ከቆላ በምን እንደሚወጣ ማንም አይጠይቅም፤ ኬላው ላይ ያለ ፈታሽ በልቶ ያሳልፈዋል ብለን ነበር የምናስብ። ዋጋው ሲጠፋ ይሰቀላል፣ ሲገባ ይወርዳል። የእኔ ሥራ ደግሞ መቼ እንደሚወርድ ከሌላው ቀድሞ ማወቅ ነው። እናም አንድ ነገር ታየኝ። ብርሃኑን አይተን በተመለስን ቅዳሜ ስኳር ይረክሳል። ብርሃን ባልታየበት ወር ስኳር ይወደዳል። መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። ቀጥሎ በረከት ነው አልኩ፤ ከዚህ የባሰ ሞኝነት ጽፌ አላውቅም። ከዚያ እንደ ነጋዴ አሰብኩ።

አንድ ጊዜ ከመንገድ እንደተመለስኩ ለሚስቴ፣ ቅዳሜ ስኳር ይወርዳልና እስከዚያ እንዳትገዢ አልኳት። ወረደ። ጎረቤቶቿ ባልሽ ጠንቋይ ሆነ እንዴ ብለው ሳቁባት። እሷም እየሳቀች ገባች። ቁጭ አለች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄደ።

«ታዲያ ታቦቱ ስኳር ይነግዳል?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ጉዞ አበልጄን ጥርሴን አሞኛል ብዬ አስቀደምኩት። በማግስቱ ብቻዬን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሸለቆውን ተሻግሬ ገደሉ ግርጌ ደረስኩ። ዓይኔ አልጠፋም። እንዲያውም እንደዚያን ቀን አጥርቶ አይቶ አያውቅም። መንገዱ አለ። ናዳ የነካው አንድ ቦታ ነበረ፤ እሱም በአዲስ ድንጋይ ተክቦ፣ በአፈር ተደልድሎ፣ ሁለት በቅሎ የሚያስተላልፍ ሆኗል። የበቅሎ ፋንድያ ከላይ እስከ ታች። በየመታጠፊያው ላይ ፋኖስ ያረፈበት ድንጋይ በጥላሸት ጠቁሯል። ዋሻም አለ። ባሕታዊ ግን የለም። ያለው የጆንያ ክምር፣ የተበጠሰ መጫኛና አንድ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ በቆረቆንዳ ተወትፏል። ቆረቆንዳው በሚስቴ ነጠላ ጥለት ተጠምጥሟል።

አንሥቼ ወዘወዝኩት። ትንሽ ቀርቶት ነበር።

እንጨት የተሸከመች ሴት ከላይ ከመንደሩ ስትወርድ አገኘችኝና ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ፍየል ጠፍቶኝ ነው አልኳት። ወደዚህ ፍየል አይመጣም አባቴ፣ ይህ ብርሃን የሚወጣበት ነው አለችኝ፤ ፊቷ ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ገባኝ። የዋሸኝ አንድ ሰው አይደለም፤ መንደሩ በሙሉ ነው።

ጨረቃ የሌለችበት ሰሞን ሲደርስ ከአበልጄ ጋር ያው ሜዳ ላይ ሰፈርን። እራታችንን በላን። ብርሃኑ ታየ፤ አንድ፣ ከስሩ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አበልጄ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። እኔ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። በቅሎ ሳሳድግ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን እያየሁ ያለሁት ምን እንደሆነ ስለማውቅ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ያላየሁትን አየሁ። የፊተኛው ብርሃን በየእርምጃው ዝቅ ይላል፣ ቀና ይላል። ከኋላ ያሉት አይሉም።

«አበልጄ» አልኩት፣ «ፊተኛይቱ በቅሎ ታነክሳለች። ኮቴዋን ያሳዩላት።»

አንድ እግሩ ባዶ ነው፣ አንዱ ጫማ ውስጥ። ተቀመጠ፤ ያወለቀውን ጫማ መልሶ አደረገው። ያን ጊዜ ነው አፌ ሳያስበው የተለወጠው።

«ልጄን ለምን አላወረድክልኝም?»

አንተ አልኩት። ሁለታችንም ሰማነው።

እሳቱን በእንጨት እየቆሰቆሰ ተናገረ። መንገዱ የእሱ ብቻ አይደለም፣ መንደሩ ተማምሎ የከፈተው ነው። አንድ ወሬ ቢወጣ መንደሩ ይቃጠላል። ልጁን ማውረድ አስቦ ነበር። በሚቀጥለው ጨለማ፣ በሚቀጥለው ጨለማ ሲል ቀደሙት።

ሌላ ልጅ አውርዳችኋል ወይ አልኩት። አውርደናል አለ። ስንቱን አልጠየቅኩም።

«ታዲያ የእኔን?»

«ልጁ ቢወርድ አባቱ መንገዱን ያውቃል» አለኝ። «አባቱ ደግሞ አንተ ነህ። አንተ ያወቅከውን መንገድ ገበያ ያውቀዋል። ለሌላው ሰው አልፈራሁም። ያንተን ብልጠት ፈራሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ ሌባ፣ አቆርቋዥ፣ አድኃሪ ተብያለሁ። እንደዚያ ያለ ምስጋና ግን ሰድቦኝ አያውቅም። እኔ ልጄን አምኜ ሰጠሁት፣ እሱ ግን መንገድ እንኳ አላመነኝም። መንገድ በእጁ እያለ ብርሃን አሳየኝ። ያም አልበቃውም፤ ላምባውን ከእኔው አስቀዳ።

ጠዋት ጭነታችንን ለየብቻ ጫንን። ከዚያ ወዲያ አንድ እሳት አልሞቅንም።

ቀበሌ ሄጄ አንድ ቃል ብናገር መንደሩም እሱም አልቀው ነበር። አልተናገርኩም። ደግነት አይደለም። ባወራ የሚዘጋው መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ደግሞ በዚያች ሌሊት የአንዲት እናት ልጅ ይወርድ ይሆናል። የማን ልጅ ላይ ልበቀል? ሚስቴም ስነግራት እንደዚያው አለች፤ ከዚያ ጥለቱን ብቻ አምጣልኝ አለችኝ። ጀሪካኑን እዚያው ትቼው ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ልጄ በእግሩ መጣ። ከስቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፣ አካሉ ግን ሙሉ ነው። እናቱን አቅፎ ብዙ ቆየ። እኔን ትከሻዬን ስሞ «እንደምን አሉ» አለኝ። ልጄ አባቱን አንቱ ብሎ አያውቅም ነበር። ጦርነት ያስተማረው ትሕትና ነው አልኩ። ወራት አለፉ፤ ሲጠራ ይመጣል፣ ሲታዘዝ ይሠራል፣ እንደ ተቀጣሪ። ስለ ክርስትና አባቱ ጠየቀኝ። ደኅና ነው፣ አለ አልኩት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው?

በመጀመሪያው በጋ ይዤው ወደ ጃናሞራ ወጣሁ። ያው ሜዳ ላይ ሰፈርን። እሱ ከእሳቱ ማዶ አነጠፈ፣ እኔ ከወዲህ። ጨረቃ አልነበረችም። የገደሉ ሰዎች ኬላው ከተነሣም በኋላ፣ ልማድ ሆኖባቸው ይሁን ቀረጥ ጠልተው፣ በሌሊት መውጣት አልተዉም ነበር። አንድ ቀላ ያለ ነገር ሰማይ ላይ ብልጭ አለ።

«ሰው ነው» አለ ልጄ ወዲያው። ግንባር የኖረ ሰው በሌሊት የሚንቀሳቀስ መብራትን ለመልአክ አይሰጥም። ጥቂት አየና፣ «መንገዱ ያ ነው?» አለኝ።

የትኛው መንገድ አልኩት።

«ክርስትና አባቴ የነገረኝ።»

ገበያው ሳይከበብ በፊት፣ እኔ ሳላውቅ፣ ልጄ ራሱ መንደሩ ድረስ ሄዶ ጠይቆት ኖሯል። ስለ መንገዱ ከእኩዮቹ ሰምቷል። አበልጄም መንገድ የለም አላለውም፤ ለሚያውቅ ሰው መዋሸት አያዋጣም። ሌላ መልስ ነበር የሰጠው። ልጄ ቃል በቃል ነገረኝ፣ ዓመታት በኪሱ ይዞት እንደዞረ ያስታውቃል።

«ላውርደው ብዬ አባትህን ጠይቄው ነበር፤ ሸቀጡን ማን ይጠብቅልኛል፣ ይቆይ አለኝ።»

በዳባቱ አጥር ቀዳዳ ያየኝ ዓይን መጣብኝ። ያልተጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረሱኝ።

ነገርኩት። ስለ ጫማው፣ ስለ ታቦቱ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ እናቱ ስለ ጨረቃ ስላለችው፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለምታነክሰው በቅሎ። ነጋዴ ሲምል አይታመንምና አልማልኩም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ከገደሉ ላይ የመጨረሻው ፋኖስ ጠፍቶ ነበር።

«ውኃ አልቀላቀልክበትም?» አለኝ፣ ላምባውን ማለቱ ነው።

«ጠብታ።»

ከዚያ ተነሥቶ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ፣ ብርድ ልብሱን ከማዶ አንሥቶ አመጣና ከአጠገቤ አነጠፈው። በፋሲካ፣ እንደ ክርስትና ልጅ ወግ፣ ለክርስትና አባቱ ዳቦ ይዞ ይሄድ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሣው። ውርጩ መውደቅ ጀምሯል። ሁለታችንም ጫማችንን እንዳደረግን ተኛን።